ያልደረሰው ግራሶ

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ መኪና የፊት እግር መጻፋችን አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ዳሩ ግን አምበር ላይ መንገድ ዳር ሁለት ቀን ተቀምጠን ያየነውን ዝም ብለን ብናልፈው፥ የገዛ ስሕተታችንን የሸሸግን ይመስለናል።

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎጃም ደጋ ከተማ ናት። እኛ ሁለት ወንድማማቾች የሴሚስተሩ ዕረፍት አልቆ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፥ አጎታችን በአሮጌ አይሱዙአቸው ሃምሳ ኩንታል ጤፍ ጭነው ስለ ነበር አብረናቸው ተሳፈርን። ምዝገባው በማግስቱ ነበርና ልባችን ቸኩሏል።

ከከተማው ገና ሳንርቅ መሪው በአጎታችን እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መኪናዋም ወደ ግራ ትስባለች። ረዳቱ፥ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው፥ ዘሎ ወርዶ የፊት ጎማውን ዳበሰና «ጋሼ፥ ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቷል። በዚች መኪና ዓባይን አይውረዱ» አለ።

እኛም አላፈርንም፤ «እስከ ዛሬ ስትሄድ ኖራ ዛሬ ምን አገኛት? ቀስ ብለን እንሂድ፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ትታያለች» አልን። አጎታችን ለእኛ አዝነው ሊስማሙ ቃጣቸው። ልጁ ግን መልስ ሳይሰጠን ክሪኩን አውጥቶ የፊቱን አክስል አነሣ፤ ከሥሩም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ደገፈ።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ቢወዘውዘው ቀጭ ቀጭ አለ። እኛም ለማወቃችን ምስክር እንዲሆን «ኩሽኔታው ነው» ብለን ፈረድን። ልጁ አጎታችንን ፍሬን እንዲይዙ ለመናቸውና እንደ ገና ወዘወዘው፤ ጎማው አሁንም ተንቀጠቀጠ። «ኩሽኔታው ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሲያዝ ዝም ይል ነበር። ፍሬኑ ጎማውን ከተሸካሚው ብረት ጋር አንድ ያደርገዋልና። የተበላው ፔርኖው ነው» አለን። ነገሩ በቃላት ሲነገር እጅግ ቀላል ነው። የፊዚክስ ፈተና ያለፍን እኛ ግን አላሰብነውም።

ፔርኖ የሚባለው፥ መሪ በዞረ ቁጥር የፊት ጎማው ከነተሸካሚው የሚዞርበት ወፍራም የብረት ዘንግ ነው። ከላይና ከታች ቦኮላ የሚባሉ የብረት ቀለበቶች ያቅፉታል። ፔርኖ፥ ቦኮላ፥ ባሌስትራ የሚሉት ስሞች ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆዩበት ዘመን፥ ከዚያም በኋላ ከፊያት መኪናዎች ጋር ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። መኪናው ጃፓን ሠራሽ ቢሆንም ቋንቋው ያው የጣልያኑ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጤፉን ግማሽ አውርደን በአንድ ጎረቤት ደጅ ደረደርነው። ጎማው ወለቀ፤ ፔርኖውን ቆልፋ የያዘችው ትንሽ ሽብልቅም ወጣች። ፔርኖው ግን አልነቃነቅ አለ። ከከተማው በያጅ ተጠርቶ በእሳት አሞቀው፤ ልጁ በመዶሻ እየመታ፥ እኛ በእጅ ስልካችን መብራት እያበራን፥ ሲመሽ ወጣ። ዝጎ፥ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ቀጥኗል።

አጎታችን ዝገቱን አይተው ደነገጡ። «በየሳምንቱ ግራሶ የምሰጠው እኔ ራሴ ነኝ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ሲሰጡ አይተናል። ልጁ ያረጀውን ቦኮላ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አዟዟረው። ግራሶ የሚያልፍባት የቦኮላው ቀዳዳ ከተሸካሚው ብረት ቀዳዳ ጋር አልገጠመችም። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ ጋራዥ ሲቀየር ተዛንፎ ገብቷል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚገፋው ግራሶ መግቢያ አጥቶ በማስገቢያው ዙሪያ ተመልሶ ይወጣ ነበር። አጎታችንም ሲወጣ እያዩ «ጠግቧል» ይሉና ይጠርጉታል። ውጪው በግራሶ ወዝቶ ውስጡ ደርቆ ኖረ።

በማግስቱ ልጁ የሁለቱንም ጎማዎች ተሸካሚ ብረት በሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰደ። እዚያ አዲስ ቦኮላ ተገፍቶለት፥ በቶርኖ ተስተካክሎ፥ አዲስ ፔርኖ ገዝቶ ተመለሰ። ከመግጠሙ በፊት ቀጭን ሽቦ በግራሶው ቀዳዳ አስገብቶ እስከ ውስጥ ማለፉን አየ። ከገጠመም በኋላ ግራሶውን እየገፋ ከፔርኖው ላይና ታች ብቅ እስኪል ጠበቀ። «ጠግቧል የሚባለው ከዚያ ሲወጣ ነው» አለ። የላላውንም የባሌስትራ ፔርኖ ለወጠ፤ በመጨረሻም በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ በገመድ ለክቶ መሪውን አስተካከለ።

በሦስተኛው ቀን ጤፉን መልሰን ጭነን ዓባይን ወረድን። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይገፋል፤ ይህንንም በክፍል ተምረነዋል፥ ጽፈነዋል፥ ማርክም አግኝተንበታል። በየጠመዝማዛው ገደሉን ወደ ታች ስናይ፥ «ቀስ ብለን እንሂድ» ያልነው ቃል በጆሯችን ይጮህ ነበር። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ ከእኛ ማንም አልተናገረም።

ለምዝገባ ዘግይተን መቀጫ ከፈልን። እርሱ አያሳዝነንም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። መምህሩ ይሰጣል፥ እኛ እንቀበላለን፤ በፈተና ቀን የተቀበልነው በወረቀቱ ላይ ይፈስሳል፤ ያየን ሁሉ «ጠግበዋል» ይለናል። የፈሰሰው ግን ከውስጥ ደርሶ የተረፈ ነው ወይስ ከመግቢያው የተመለሰ? አምበር ላይ፥ ሃምሳ ኩንታል ተጭኖ ዓባይ ፊት ለፊታችን ሳለ፥ የእኛው ከመግቢያው የተመለሰ ሆኖ አገኘነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እናንተን ለመምከር የሚያበቃ ነገር የለንም። ልጁ ያደረገውን ብቻ እንነግራችኋለን፤ ከመግጠሙ በፊት ሽቦውን አስገብቶ አየ።