መንፈሱ ቀንድ አውጣ

ክረምት በገባ ቁጥር የጓሯችንን ጎመን ማን እንደሚጨርሰው ለማየት ማታ ማታ ባትሪ ይዤ እወጣለሁ። ባለቤቴ «የዩኒቨርሲቲ መምህሩ የቀንድ አውጣ ዘበኛ ሆነልሽ» እያለች ለጎረቤት ታሳጣኛለች። ያ ቅርፊት የሌለው፣ የሚያዳልጥ፣ ባለፈበት ሁሉ አንጸባራቂ መስመር እየተወ የሚሄደው ቀንድ አውጣ በእኛ ቤት ፍርዱ አንድ ነው፤ ጨው።

ሰሞኑን ግን ስለ አንድ ዘመዱ አነበብኩ። አገሩ ዌልስ፣ ከተማው ካርዲፍ ነው። እዚያ በአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ወረቀት የመሰለ ነጭ ቀንድ አውጣ ተገኘ። ዓይን የለውም። ቅጠል አይነካም (ጎመን የሚተው ቀንድ አውጣ አለ ለካ!)። ኑሮው አፈር ውስጥ ነው፤ ሌሊት የምድር ትል እያደነ ምላጭ በመሰሉ ጥርሶቹ ይዞ ይበላል። የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየሙ ቤን ሮውሰንና የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ቢል ሲመንድሰን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኑን አሳወቁ። ስሙንም በዌልስ ቋንቋ «መንፈስ» ከሚለው ቃል ወስደው «እስብሪዳ» አሉት።

ደስ ያለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምሁራኑ ሕዝቡን «እናንተስ ጓሮ አይታችሁታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አካፋና ዶማ የያዘው ሰው ሁሉ ያየውን ነገራቸው፤ ከሌሎች ከተሞችም ተገኘ። በ2012 ደግሞ ክራይሚያ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ከአበባ ማሰሮ አፈር ጋር ተሳፍሮ ሳይመጣ አይቀርም። እነሮውሰን በዚህ አላበቁም፤ በ2014 ባወጡት ጥናት በብሪታንያና በአየርላንድ የሚታወቁት የእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ዝርያ ቁጥር ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። ተጠንቶ አለቀ በተባለ አገር!

ይህን ሳነብ አንድ ሰማያዊ ደብተር ትዝ አለኝ። በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪዬ ቢሮዬ ይዞት መጣ። ሙሾ አውራጅ ከነበሩት አያቱ አፍ የቃረመውን በእጁ ጽፎ ሞልቶታል። ገለጥ ገለጥ አደረግሁና «በየትኛው የጥናት ዘዴ ሰበሰብከው?» አልኩት። የታተመ ልብወለድ መርጦ እንዲመጣ መክሬ ሸኘሁት። «አይረባም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እስከ ዛሬ የምጽናናው በዚህ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት።

«ደብተሩስ?» አልኩት።

«የቱ... እ፣ የአያቴ? እሳቸው ካረፉ በኋላ ለቡና ማቀጣጠያ ሆነ መሰለኝ፣ ጋሼ። እርስዎ አይረባም ካሉት በኋላ ማን ያስቀምጠዋል?» አለና ሳቀ። ቂም የለውም።

ታክሲው መጣ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጭነው፤ «እርስዎ ይግቡ» ብሎ ተራውን ለቀቀልኝ።