«ፑት» የሚለው ቃል ብዙ መልክ

እንግሊዝኛ የሚማር ቻይናዊ «ፖስትፖን» የሚለውን ግስ ከነፊደሉ ሸምድዶ ያውቀዋል። ጓደኛው «ፑት ኦፍ» ሲለው ግን ግር ይለዋል። «ፑት» ማስቀመጥ እንደሆነ ያውቃል፤ «ኦፍ»ም አዲስ አይደለችም። ሁለቱ ሲገናኙ «ለሌላ ቀን ማስተላለፍ» የሚሆኑበት ምክንያት ነው የማይገባው። አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን «ዝም አለ» ሲል ማንም ምንም እንዳልተናገረ ያውቃል፤ ይህን ግን ለውጭ ሰው ማስረዳት ያስቸግረዋል።

ያን ሊያዎና ዮሺኖሪ ፉኩያ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ቻይናውያን ተማሪዎች እንዲህ ያሉትን ጥምር ግሶች እየሸሹ ባለ አንድ ቃሉን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱት ግን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ብዙም አልተለዩም።

ምናኸም ዳጉትና ባቲያ ላውፈር ቀደም ብለው፣ በ1985፣ በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ ተመሳሳይ ሽሽት አይተው ነበር። ምክንያቱ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው ነው ብለው ነበር። ለቻይንኛ ግን ይህ ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። ማንዳሪን ከግሱ ኋላ አቅጣጫ አመልካች ቃል ይቀጥላል፦ «ጃን ቺላይ» ተነስቶ መቆም ነው። ያው «ቺላይ» ማሰብ ከሚለው «ሺያንግ» ጋር ሲገጥም ደግሞ የተረሳን ነገር ማስታወስ ይሆናል። ተማሪው በገዛ ቋንቋው በየቀኑ የሚያደርገውን ነው እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ የሚፈራው።

ከጥምር ግሶች ይልቅ ፈሊጥ ይቀላቸዋል። ቻይናውያን ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አራት ፊደል ያላቸውን «ቼንግዩ» የሚባሉ አባባሎች ከነታሪካቸው ይማራሉ፤ ለእባብ እግር ጨምሮ ስለሳለው ሰው የሚወራው ተረት አንዱ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ «በረዶውን ሰበረ» የሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር ቢሰሙ፣ ፍቺው ሌላ እንደሆነ ወዲያው ይጠረጥራሉ። «ፑት» ግን ቀላል መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ የቃላት ዝርዝሮች «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አውት»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» የሚሉትን በአንድ ገጽ ደርድረው ማቅረባቸው ነው። ማስተላለፍ፣ እሳት ማጥፋትና መታገሥ በአንድ ቀን ይሸመደዳሉ፤ በማግስቱም ይደባለቃሉ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ከነሁኔታው ማስተማር ይበጃል፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ምን አደረጉ፣ ስብሰባው ለምን ወደ ሰኞ ተዛወረ። ያኔ ሌላው እንቅፋትም አብሮ ይቃለላል። እንደ «ፑት ኦፍ» ባሉት ላይ ተውላጠ ስም ሲመጣ መሃል ስለሚገባ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም፤ ይህንንም ተማሪው ደጋግሞ በመናገር ነው የሚለምደው።