ጅማ ላለችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እናትሽ በሶና ጭኮ አዘጋጅታልሻለች፤ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው እንዳገኘን እንልክልሻለን።

ባለፈው ስትደውዪ «ሜዲስን ሳይሆን ጥርስ ሕክምና ደረሰኝ» ያልሽበት ድምፅ አንጀቴን በላው። አክስትሽ «ጥርስ ነቃይ ልትሆን ነው እንዴ?» ማለቷንም ሳትሰሚ አልቀረሽም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መቂና ዝዋይ አካባቢ በነርስነት ስሠራ ወጣቶቹ ሲስቁ እጃቸው ቀድሞ አፋቸውን ይሸፍን ነበር። ጥርሳቸው ቡናማ ነው፤ የአንዳንዶቹም ጫፉ ተሸርፏል። ሰው ጫት ነው፣ ሲጋራ ነው ይላል። ምክንያቱ ግን የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ወንጂ ላይ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ጥርሱ የሚጎዳው ገና መንጋጋ አጥንት ውስጥ ሲሠራ ስለሆነ፣ አንዴ ከበቀለ በኋላ ውኃው ቢቀየርም አይመለስም። አንዲት ለትዳር የደረሰች ልጅ ጥርሷን በአመድ ስትፈትግ ከርማ፣ ድዷ ደምቶ መጣች። «ይነጻል ወይ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። ጨው በለብ ባለ ውኃ በጥብጣ እንድትጉመጠመጥ ከመንገር ሌላ የማደርግላት አልነበረኝም። ያቺን ልጅ ሊረዳት የሚችለው አንቺ አሁን የምትማሪው ሙያ ነው። ለዚህ ነው ምደባሽን ስሰማ ደስ ያለኝ።

ለአክስትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት። በኤተር ሕመምተኛን አስተኝቶ፣ ቀዶ ሕክምና ያለ ስቃይ ሊደረግ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ላይ ለሐኪሞች ያሳየው ዊሊያም ሞርተን የጥርስ ሐኪም ነበር።

አንድ ነገር ገና ከአሁኑ ልብ በዪልኝ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ያበቅላል። በቦታው የወለቀ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ቢቦረቦርም «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ብሎ ይተወዋል። አይተካም። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሊያኝክበት የሚገባው ጥርስ ነው። ጥርሱ ሌሊት ማስለቀስ ሲጀምር ልጁን ይዘው ይመጣሉ፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ መነቀል ይሆናል ዕጣው። ከዚያ አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ እያጋደሉ ንክሻው ይበላሻል። ትምህርት ቤት ሄደሽ ይህችን ብቻ ለወላጆች ብታስረጂ ብዙ ጥርስ ታተርፊያለሽ።

ግግ የሚሉትንም ታገኚዋለሽ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ላይ ያለው ነጭ እብጠት «ግግ ነው» ተብሎ በሹል ብረት ይወጣል። የሚወጣው ግን ሊበቅል የነበረ ጥርስ ነው፤ ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ በኋላ የሚተካው ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱን አትቆጫት። ልጇ እንዳይሞትባት ብላ ነው ያደረገችው። አስቀምጠሽ በእርጋታ አስረጃት። ከኩፍኝ ያገገመ፣ የከሳ ሕፃን ድዱ ቆስሎ አፉ ከሸተተ ደግሞ ለነገ አትበዪ። ኖማ የሚሉት በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭ በልቶ ይጥላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክና በምግብ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልልሽም፣ መምህራኖችሽ አሉ። አናቶሚን ግን ከሜዲስን ተማሪዎቹ አሳንሰሽ እንዳታጠኚ። ማደንዘዣ የምትወጊው ነርቭ የት እንደሚያልፍ እጅሽ ማወቅ አለበት። በትንሿ መስታወት እያየሽ መሥራት ስትጀምሪ እጅሽ ወደ ተቃራኒው ይሄድብሻል፤ አትደንግጪ፣ በልምምድ ይገራል። ጀርባና አንገትሽንም ከመጀመሪያው ቀን ጠብቂ። ጎንበስ ብሎ መሥራት ከዓመታት በኋላ ነው ሂሳቡን የሚያወራርደው።

ጉንጩን ይዞ የሚመጣው ሰው «ንቀይልኝና ልገላገል» ይልሻል። ማስሞላትም የሥር ሕክምናም ገንዘብና ምልልስ ይጠይቃል፣ መንቀል ግን ርካሽ ነው። ጥርሱ የሚተርፍ ከሆነ ራጁን አሳይተሽ ንገሪው፤ አቅም ከሌለው ደግሞ ሳታሳፍሪ ንቀዪለት። ጉጠት ከማንሳትሽ በፊት ግን ስለ ልቡ፣ ስለ ስኳሩና ስለሚወስደው መድኃኒት ጠይቂው። በአገራችን በቶንሲል ሰበብ የልብ ቫልቭ የተጎዳበት ወጣት ብዙ ነው፤ ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ለእንዲህ ያለው ሰው ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በወይራ መፋቂያ የሚፍቁ ሽማግሌዎችንም እንዳትንቂ። በደንብ የሚፍቅ ሰው ጥርሱ ንጹሕ ነው።

ልጄ፣ አሁንም «ጥርስ ነው የደረሰኝ» ብለሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ስትመረቂ አዲስ አበባ ክሊኒክ የሚቀጥርሽ አታጪም፤ ከዚያ በፊት ግን የጥርስ ሐኪም የሌለበት የወረዳ ሆስፒታል ፈልገሽ ጥቂት ዓመት አገልግዪ። ቤት ኪራዩ ቢከብድሽ እኔ አለሁ።

አባትሽ