ከማሰር በፊት መፍታት

ጫማን ከብስክሌት ፔዳል ጋራ የሚቈልፈውን መሣሪያ፥ ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ አወጣው። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ሆኖ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረው በዚህ ዓይነት ፔዳል ነው።

በደብረ ማርቆስ ጎዳና ይህንኑ የሚለማመድ አንድ ጎረምሳ አየሁ። የወደቀው ሲፈጥን ሳይሆን ሊቆም ሲል ነው፤ ይኸውም ተረከዙን ወደ ውጭ በማዞር ፈንታ እግሩን ወደ ላይ ስለ ሳበ ነው። ሰዉ ቢስቅበት ብስክሌቱን ሊሸጥ ቈረጠ። እኔም፥ «ልጄ፥ ግድግዳ ተደገፍና በአንድ እግር ጀምር፤ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱን አጥና» አልሁት።

ወጣቶች ሆይ፤ ውል ስትፈርሙ፥ ብድር ስትበደሩ፥ መፍቻውን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ የሚፈጥን ሁሉ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርምና።