አውሮፕላኑ ባይተርፍም

ስለ ድፍረት ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ዳዊትንና ጎልያድን ነው። ብላቴናው ይወነጭፋል፣ ግዙፉ ይወድቃል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። በድል የማያበቃ ድፍረትም ግን አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን እርሱን በቅርብ አይተነዋል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961፣ 175 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው አስወጧቸው፤ ቦምብ እንዳላቸው ተናገሩ፤ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ነዳጅ እንደማይበቃ ቢያስረዷቸውም አላመኑም። ይህ ዓይነቱ አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አንብበው ነበርና።

ካፒቴኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ አጋጥሟቸው ያውቃል። ያን ዕለት በእጃቸው የቀረው መሪው ብቻ ነበር፤ እርሱን አጥብቀው ያዙ። ለጠላፊዎቹ ሳይናገሩ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው በረሩ። ሲነቃባቸውም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ መጥፋት ሲጀምር ለተሳፋሪዎች በድምፅ ማጉያ እውነቱን ነገሯቸው፤ ጠላፊዎቹንም እንዲቋቋሙ ጠየቁ። የተደበደቡት ረዳት አብራሪ ደግሞ ወደተባረሩበት ክፍል ተመልሰው ገብተው ካፒቴኑን አገዙ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃባችንን ቀርጾ ለዓለም ያሳየው እርሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን አጥቷል። እስከ መጨረሻው ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲከራከር እንደ ነበር ተነግሯል። እርሱም ከሞቱት መካከል ነው።

አውሮፕላኑ በግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወድቆ ተሰባበረ። በባሕሩ ዳር ሆቴል ነበረ። ለዕረፍት የመጡ እንግዶች፣ ጠላቂ ዋናተኞች፣ ሐኪሞችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ውኃው ሮጡ። የሚያወጡት ሰው የየትኛው አገር ወይም የየትኛው እምነት ሰው እንደሆነ አልጠየቁም። 50 ሰዎች ተረፉ፤ ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125 ሰዎች ሞቱ።

እኛ ያኔ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን። ዜናው የተሰማ ሰሞን በማደሪያችን አንድ ጥያቄ ሲያከራክረን አመሸ፦ «እግዚአብሔር ሃምሳውን ካዳነ፣ የቀሩትንስ?» ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀብር ላይ ቆመናል፤ ከብዙ ሐዘንተኞች ጋር ተቀምጠናል። ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ቀላል መልስ የለንም። የተረፉት ከሞቱት ይልቅ ጻድቃን ነበሩ እንዳንል፣ ጌታ ራሱ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር ያንን በር ዘግቶታል (ሉቃ. 13)።

መልስ ያለው ሌላ ጥያቄ ግን አለ፦ ሁሉን ማዳን በማንችልበት ቦታ ምን እናድርግ? ሐዋርያት ሥራ 27ን እናንብብ። በማዕበል በተመታው መርከብ ላይ 276 ነፍስ ነበር። ጳውሎስ በዚያ እስረኛ እንጂ የመርከቡ አዛዥ አልነበረም። መርከቡ እንደሚጠፋ፣ ሰዎቹ ግን እንደሚተርፉ በግልጽ ነገራቸው። ከዚያም ለቀናት ምግብ ያልቀመሱትን ሰዎች ብሉ ብሎ መከራቸው፤ በሁሉም ፊት አመስግኖ እንጀራ ቆርሶ እርሱ ራሱ በላ፤ እነርሱም ተጽናንተው በሉ። በዚያ ማዕበል መካከል ለሰዎች ሊያደርግላቸው የሚችለው ይህ ነበር። እዚያ ሁሉም ተረፉ፤ በኮሞሮስ ግን አልሆነም። ቢሆንም መሪውን የያዘውም፣ ቆሞ የተከራከረውም፣ ወደ ውኃው የሮጠውም መጨረሻውን ሳያውቅ የድርሻውን አድርጓል።

ወገኖች፣ ከመካከላችን ሐኪም ተስፋ የቆረጠለትን ባል የምታስታምም እኅት አለች። ከቀዬው ተፈናቅሎ በድንኳን ውስጥ ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥር አባት አለ። የሚዘጋ መሥሪያ ቤት ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሒሳቡን በታማኝነት የሚይዝ ወንድም አለ። ማንም አያጨበጭብላቸውም፤ የያዙትም ነገር ላይተርፍ ይችላል። እነርሱ ግን መሪውን አልለቀቁም። ከፊታቸው ያለውን ሰው አልተዉም።

ስለዚህ «ጌታ ሆይ፣ አደጋውን አርቅልን» ብለን ስንጸልይ፣ ይህንንም እንጨምርበት፦ «ባይርቅም እንኳ እጃችን እንዳይዝል፣ ከአጠገባችን ያለውን ሰው እንዳንረሳ አበርታን።» ይህን ሳምንት ከአጠገባችሁ ያለው ሰው ማን ነው? ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት፤ ከዚያም ተነሥታችሁ ሂዱለት።

ጌታ ጸጋውን ያብዛላችሁ። አሜን።