ሳክስፎን ይዞ መሪጌታ ቤት!

የዛሬው ጉዟችን ወደ ደብረ ታቦር ነው። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ሳክስፎኑን ካዘለ ጓደኛዬ ጋር ነው። ስሙ ይቅርብን። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ጃዝ ይጫወታል። የጭፈራ ቤት ሰው ብላችሁ እንዳትንቁት! ልጅነቱን ድጓ ሲያዜም ነው ያሳለፈው፤ አባቱም መሪጌታ ናቸው።

ጣጣው ምን መሰላችሁ? አንድ ምሽት ሞቅ ሲለው ዜማ ቤት የተማረውን አራራይ በሳክስፎን ነፋው። ጭብጨባው ቀለጠ። ወሬው ግን ደብረ ታቦር ደረሰና አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳረፉ። "ሽማግሌ ላክ" ብለው "አንተው ሽማግሌ ሁነኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም! ብቻ በ2010 ዓ.ም. ለቡሄ ሦስት ቀን ሲቀረው ከባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርን።

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የፎገራ ሜዳ ያልቅና ዳገቱ ይጀምራል። ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጉም። ጃኬት ያልያዘ ወየውለት! ደርሰን ሽሮ በላን (ፍልሰታ ነዋ)። ጓደኛዬ ግን አባቱ ቤት ለመግባት ልቡ ከዳው። "መጀመሪያ ጋፋትን ላሳይህ" አለ።

ጋፋት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። አፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡትን አውሮፓውያን "መድፍ ሥሩልኝ" ብለው የያዙት እዚህ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ኋላ ግን ሴባስቶፖል፣ ያ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ እዚሁ ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

"አየህ" አለኝ ጓደኛዬ፣ "የፈረንጅና የሀበሻ እጅ እዚህ አብሮ ብረት አቅልጧል። እኔ ዜማና ጃዝ ባቀልጥ ምን ነውር አለው?"

"ብረቱ አባት የለውም፤ አንተ አለህ" አልኩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ አለው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚዜመው። የጃዝ ሰው ደግሞ ከሚታወቅ ዜማ ተነስቶ እዚያው መድረክ ላይ የራሱን ይፈጥራል። ሁለቱን ማስታረቅ የሞከሩ አሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ያን ጋርባሬክ ከእንግሊዙ የሂሊያርድ ቡድን አራት ዘማሪዎች ጋር "ኦፊሺየም"ን አወጣ፤ እነሱ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያዜማሉ፣ እሱ በሳክስፎን ይከተላቸዋል። የኛው ሙላቱ አስታጥቄም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሃርቫርድ ሆኖ በቅዱስ ያሬድ ስም ኦፔራ ሲሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ መሪጌታ ፊት ልከራከር ገባሁ። አፌን እንኳ አላስከፈቱኝም! ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሱት፤ ዝም አሉ። ከዚያ መቋሚያ አቀበሉትና "በል ዝመም" አሉት። እያዜመ፣ መቋሚያውን ከግራ ቀኝ እያዘነበለ ሄደ፣ ሄደና አንድ ቦታ ሳተ።

"የት ላይ እንደሳትክ ታውቃለህ?"

አያውቅም።

"አለቃ ገብረ ሐናም አዲስ ዝማሜ አምጥተው ጎንደር አልተቀበላቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ እዚህ ደብረ ታቦር አስተማረው፤ ይኸው ዛሬ የተክሌ አቋቋም እየተባለ ይኖራል። ለምን ኖረ? ነባሩን ጠንቅቀው አውቀው ነዋ! ባለቅኔስ የዕለቱን ቅኔ አዲስ አድርጎ አይደል የሚቀኘው? የትናንቱን ቢደግም ይታፈራል። ግን ቤቱን ሳይቆጥር፣ ዜማ ልኩን ሳያውቅ ማን ያስቀኘዋል? እኔን ያናደደኝ ቧንቧህ አይደለም፤ ያልጨረስከውን ትምህርት ማስጨብጨብህ ነው። ደግሞም የማኅሌቱን ለማኅሌት ተወው። ከስልቱ ተማርና የራስህን ሥራ።"

እኔ ሽማግሌው ምን ልበል? ጠላዬን ጠጣሁ።

የቡሄ ለት ሌሊቱን ማኅሌት ቆምን። መጀመሪያ ቁም ዜማ፣ በአፍ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜው። ኋላ ከበሮና ጸናጽል ገብተው ያው ቃል በመረግድ ተመለሰ፣ በጽፋት ፈጠነ። ጓደኛዬ ከኋላ ቆሞ አባቱን ብቻ ያያል። ያቺ የሳታት ቦታ ስትደርስ ክንዴን ጨበጠኝ። አገኛት!

ሳክስፎኑ ከሻንጣው አልወጣም፤ መሪጌታም "ንፋልኝ" አላሉም። ልንመለስ ስንል ግን ትንሹን ልጃቸውን ጠርተው "የወንድምህን ዕቃ መናኸሪያ ድረስ ያዝለት፤ እንዳይረጥብ" አሉት። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። አሁን በየዓመቱ ሁለት ወር እየሄደ ይማራል፤ ማታ የሚነፋውም የራሱን ድርሰት ነው።

እናንተ ከኪቦርድና ከጊታር ጋር ቤተሰብ ያጣላችሁ ወጣቶች! አዲስ ነገር መፍጠር ይፈቀዳል። ግን መጀመሪያ የሳታችሁበትን ቦታ ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ሂዱና ጠይቁ። ጃኬት አትርሱ!