ከፋርማሲው መስኮት ወዲያ የቀረ ዕውቀት

ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አባት በመሐረብ የቋጠሩትን የሐኪም ወረቀት ፈትተው በመስኮቱ ያቀብላሉ። ሃሎፔሪዶል ነው፤ የልጃቸው። ፋርማሲስቱ ክኒኑን ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ፣ «ጠዋትና ማታ ይውሰድ፣ አባባ» ይላል። ሒሳብ ይከፈላል፤ ተረኛው ይጠጋል። በቃ።

መድኃኒቱ ሰውነት ሊያገትር፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ለሃጭ ሊያዝረበርብ እንደሚችል የነገራቸው የለም። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል እንደሚችልም አልሰሙም። ልጁ ሲደነዝዝ «ይኸው መድኃኒቱ አባሰበት» ብለው ያስቆሙትና ጠበል ብቻ ያስይዙታል፤ ሕመሙ ያገረሻል። ጠበሉንም ክኒኑንም አብሮ መያዝ እንደሚቻል ማን ነገራቸው?

ጫት ሲቅም ውሎ እንቅልፍ ያጣው ወጣትም ዲያዜፓም ፍለጋ የሚመጣው እዚሁ መስኮት ላይ ነው። «ያለ ወረቀት አንሸጥም» ይባላል። ሕጉ ተከብሯል፤ ልጁን ግን ምን እንደነካው የጠየቀ፣ ወደ ሕክምና የመራ የለም።

የሚያንገበግበው ዕውቀቱ እያለ መሆኑ ነው። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የፋርማሲ ትምህርት አምስት ዓመት ሆኖ ታካሚን ማማከር ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል። ጎንደርና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ስንቱን አስመረቁ! እኛ ግን ተመራቂውን ባለ ሱቅ አደረግነው። ገቢው ከሚሸጠው ክኒን እንጂ ከሚሰጠው ምክር አይደለም።

ለአሥርተ ዓመታት የአእምሮ ሕመም ሲነሳ አገሩ የሚያውቀው አማኑኤል ሆስፒታልን ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ሲነሳ፣ የሰፈር ፋርማሲውን አብሮ ማሰለፊያው ጊዜ ያ ነበር። እንዲህ ያደረጉ አሉ፦ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ በ2014 እ.ኤ.አ. ብሉም የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ፤ የሰፈር ፋርማሲስቶች የአእምሮ ሕመምና ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ለወራት እየተከታተሉ ስለ መድኃኒታቸው ያማክራሉ፣ ሌላ እርዳታ ሲያስፈልግም ያገናኛሉ። እነሱ ሲጀምሩት በእኛም አገር የተማረ ሰው ነበር፤ ያንን ሁሉ ዓመት እንዲሁ በላነው።

የክልሉ ጤና ቢሮና የሙያ ማኅበራት ሆይ፣ ከፈለገ ሕይወትና ከጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አጠገብ ካሉት ጥቂት ፋርማሲዎች ጀምሩ። ታካሚና ፋርማሲስት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጥግ ይኑር፤ ፋርማሲስቱ የሐኪሙን ስልክ ይያዝ፤ ለምክሩም ይከፈለው። ሐኪሙ ታካሚውን የሚያየው በቀጠሮ ነው፤ ፋርማሲው ግን ጠዋት ማታ ክፍት ነው።